በመፈታት ማግሥት

ልደታ የሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠዋት ጠዋት መልኩ ብዙም አይለዋወጥም። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ከወዲሁ ደንበኛ ይዘዋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ሥራ ጀምረዋል። ከማረሚያ ቤት የሚመጣው መኪና ብቅ ሲል ወሬው ሁሉ ይቋረጥና ሰው አንገቱን ያሰግጋል። በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል የአንድ ሰው ፊት ይፈለጋል፤ የታየ እንደሆነ እጅ ይውለበለባል፣ ያልታየ እንደሆነ ደግሞ «ከስቶ ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ይነሳል።

አንዳንድ ቀን ከችሎቱ የሚጠበቀው ቃል ይሰማል፦ በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ይፈታ። ችሎት ውስጥ እልልታ ስለማይቻል ደስታው እስከ ውጪው በር ድረስ ይታፈናል። ከዚያ ስልክ ይጀምራል። ትዕዛዙ ተጽፎና ማኅተም ተመትቶበት ማረሚያ ቤት እስኪደርስ አንዱ ቀድሞ በሩ ላይ ሊጠብቅ ይሄዳል፣ ሌላው የበግ ዋጋ ያጠያይቃል፣ እናት አልጋ ታነጥፋለች። የሰፈር ጓደኞች ደግሞ የራሳቸውን ግብዣ ያሰናዳሉ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» ማታ ላይ ከብርጭቆ ጋር ይመጣል።

በዚህ ሁሉ ሽር ጉድ መካከል አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል፤ ልጁ ከመታሰሩ በፊት ምን ይወስድ ነበር? ምን ያህልስ?

ከሚፈቱት ሰዎች አብዛኞቹ ጥያቄው አይመለከታቸውም። ለሚመለከታቸው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ኢንግሪድ ቢንስዋንገር የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከእስር የወጡ 30,237 ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን በ2007 አሳተሙ። በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ 12.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አደንዛዥ ዕፅ ከልክ በላይ በመውሰድ የመሞት ዕድላቸው ብቻውን ሲሰላ ደግሞ 129 እጥፍ ነበር።

አሜሪካ ሄሮይን የበዛበት አገር ነው ብሎ ይህን ቁጥር ማለፍ ይቻላል። ግን ቁጥሩን እንዲህ ያናረው የሰው አካል ጠባይ ነው፤ እሱ ደግሞ በዋሽንግተንም በልደታም አንድ ነው።

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ሄሮይንና ፈንታኒል ኦፒዮይድ የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሕመምን የሚያስታግሱት አንጎል ውስጥ በተለዩ ተቀባዮች ላይ በመጣበቅ ነው። ችግሩ እነዚሁ ተቀባዮች ሳናስበው እንድንተነፍስ በሚያዘው በታችኛው የአንጎል ክፍል ውስጥም መኖራቸው ነው። መጠኑ ሲበዛ ትንፋሹ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻም ይቆማል። አዘውትሮ የሚወስድ ሰው አካል ቀስ በቀስ ይለምድና ለጀማሪ ገዳይ የሆነውን መጠን ይሸከማል። ያ ሰው ታስሮ ሳምንታት ወይም ወራት ሳይወስድ ሲቆይ ግን ልማዱ ይጠፋል። ኩንታል ሲያነሳ የኖረ ወዛደር ዓመት ሙሉ ተኝቶ ሲነሳ ትከሻው እንደማይታዘዘው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ወዛደሩ ኩንታሉን ገና ሲነካው አለመቻሉን ያውቃል፤ የሚፈታው ሰው አእምሮ ግን የሚያስታውሰው የድሮውን መጠን ነው። በዚያ መጠን የሚጀምር ሰው ለአካሉ ጀማሪ ነው።

ስለዚህ አደጋው ከጽናት ማነስ ወይም ከምግባር ብልሹነት ጋር የሚያያዝ አይደለም። እንዲያውም እስር ቤት ውስጥ ከሱስ ፈጽሞ የራቀው ሰው ሲወጣ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ይህን እውነታ ለአንድ ቤተሰብ ማስረዳት ቀላል አይሆንም፤ «ተወው እኮ፣ ዳነ!» ብለው ከተደሰቱ በኋላ በዚያው ምክንያት ሊሞት እንደሚችል ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የነገሩ መልክ ከአሜሪካው ይለያል። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ አደጋው የሚጀምረው ከአንድ መርፌ ሳይሆን ከአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጫት ይቃማል። ምርቃናው ከፍ ይላል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይፈለጋል፤ ቢራ፣ ድራፍት፣ አቅም ሲያንስ አረቄ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ አንዳንዱ ዳያዜፓምን የመሰለ የእንቅልፍ ኪኒን ወይም ትራማዶል ይጨምራል። ጫት አነቃቂ ስለሆነ የመጠጡን ድካም ይሸፍነዋል፤ ሰውየው ምን ያህል እንደጠጣ በደንብ አይሰማውም። የጫቱ ኃይል ሲወርድ ግን መጠጡ፣ ዳያዜፓሙና ትራማዶሉ በአንድነት ሥራቸውን ይጀምራሉ። እነዚህ ሦስቱ ትንፋሽን በማዳከም ይደጋገፋሉ፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የማይገድሉበት መጠን ሲቀናጁ ሊገድል ይችላል። ከኦፒዮይድ ጋር ተያይዘው በሚመዘገቡ ሞቶች ውስጥ አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት ደጋግመው የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አረቄም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አልኮልን የመልመድ አቅም በእስር ዓመታት ይወርዳል። ከመታሰሩ በፊት አንድ ጠርሙስ ይዞ ያመሽ የነበረ ሰው በግብዣው ዕለት ያንኑ ሲሞክር የሚጠጣው በሌላ አካል ነው። በዓል ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል፤ በአገራችን የክልሎችም ሆነ የፌዴራል ይቅርታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የዘመን መለወጫንና ሌሎች በዓላትን ምክንያት በማድረግ ነው። ሰው የሚፈታው በየቤቱ ጠላ በተጠመቀበት፣ እምቢ ማለት እንደ ንቀት በሚቆጠርበት ሰሞን ነው።

ትራማዶል ለብቻው ጥቂት ሊባልለት ይገባል። ግሩነንታል የተባለ የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ያቀረበው የሕመም ማስታገሻ ነው። ለአዋቂ በቀን የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 400 ሚሊ ግራም ነው። እንደ ሞርፊን በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ቁጥጥር ሥር ስላልገባ በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ልብ ይዘዋወራል። መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽ ከማዳከም ሌላ መንቀጥቀጥ ያመጣል። እዚህ ላይ አገራዊ ችግር ይገጥመናል፤ መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲታይ «የሚጥል በሽታ ነው» ይባልና ክብሪት ተለኩሶ ወደ አፍንጫው ይጠጋል። የክብሪት ጭስ የሚጥል በሽታንም አይረዳም፤ ትራማዶል የበዛበትን ሰውማ ውድ ደቂቃዎች ያሳጣዋል። መመረዝ ከተጠረጠረም ወተት የማጠጣት ልማድ አለ፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ወደ ሳንባ የሚገባ ፈሳሽ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መድኃኒቱን በጅምላ ማሳደድ መፍትሔ አይሆንም። በካንሰር ሕመም ቤቱ ተኝቶ የሚያቃስት ሰው ትራማዶልም ሞርፊንም ያስፈልገዋል፤ በኢትዮጵያ የሚበዛው እነዚህን በሚያስፈልገው ጊዜ የማያገኝ በሽተኛ ነው። ለናርኮቲክና ለሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ልዩ የማዘዣ ወረቀት የተዘጋጀውም መድኃኒቱ ሳይጠፋ እጅ እንዲለይ ነው።

ከልክ በላይ የወሰደን ሰው መለየት ይቻላል። ሲጠሩት አይመልስም፤ ደረቱ አጥንት ላይ በጡጫ አንጓ ሲታሽም አይነቃም። የዓይኑ ብሌን እንደ ነጥብ ይጠባል። ከንፈሩ፣ ድዱና ጥፍሩ ይገረጣል ወይም ይጠቁራል። ትንፋሹ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ድምፁ ነው፤ ያንኮራፋል ወይም ጉሮሮው ይንጎራጎራል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ተዉት፣ ደክሞታል፣ ስንት ዓመት ያጣውን እንቅልፍ ይተኛ» ይላል። በሩ ይዘጋለታል። ያ ማንኮራፋት የእንቅልፍ አይደለም፤ ምላስና ጉሮሮ ዝለው የአየር መንገዱን እየዘጉት ነው።

በዚህ ጊዜ 907 የቀይ መስቀልን፣ 939 የከተማዋን እሳትና ድንገተኛ አደጋ አምቡላንስ ያመጣል። እስኪደርሱ ድረስ ሰውየው በጎኑ ይተኛል፤ ትንፋሹ ከቆመ ወይም እጅግ ከዘገየ ደግሞ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ መስጠት ያስፈልጋል። ውኃ አይደፋበትም፣ ቡና አይጋትም፣ ብቻውን አይተውም።

ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የባለቤትነት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠየቀበት፣ ዕድሜ ጠገብ መድኃኒት ነው። ኦፒዮይዱን ከተቀባዩ ላይ ገፍቶ ያስለቅቅና ትንፋሽን በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል፤ ኦፒዮይድ ለሌለበት ሰው ቢሰጥ የሚያደርሰው ጉዳት የለም፤ ሱስም አያሲዝም። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ባወጣው መመሪያም ከልክ በላይ የመውሰድ አደጋን ሊያዩ የሚችሉ ሰዎች፣ ማለትም ቤተሰብ፣ ጓደኛና የሰፈር ሰው፣ ናሎክሶን እንዲያገኙና አጠቃቀሙን እንዲሠለጥኑ መክሯል። ሁለት ገደቦች ግን አሉት። ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ኦፒዮይዱ ከርሱ በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ በሽተኛው ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ቢልም ሐኪም ቤት መቆየት አለበት። ሁለተኛ፣ የአልኮልንና የዳያዜፓምን ድርሻ አይነካም፤ የትራማዶልን መንቀጥቀጥም አስተማምኖ አያስቆምም። ለአዲስ አበባው ድብልቅ ከናሎክሶኑ ጋር ትንፋሽ መስጠትን ማወቅ የግድ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ልደታ ራሱ ተለውጧል። ዓለም በቃኝ የሚባለውን ግቢ የያዘው ከርቸሌ ቆሞ በነበረበት ዘመን አንድ የልደታ ልጅ ተፈትቶ በእግሩ ቤቱ ይገባ ነበር። ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። እስረኛው አሁን የሚወጣው ከከተማዋ ዳር፣ ከቃሊቲ ወይም ከቂሊንጦ ነው፤ አለዚያም ከዝዋይ ወይም ከሸዋ ሮቢት። የድሮው የልደታ መንደር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተተካበት፤ ጎረቤት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበታተነ። ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ሰው «የእገሌ ልጅ መጣ» ብሎ የሚያይ የግቢ ሰው፣ በሩን የሚያንኳኳ የእድር ዳኛ ላያገኝ ይችላል። ብቻውን ክፍል ይከራያል ወይም ከሥራ ፈላጊ ጋር በአዳር ቤት ያድራል።

ለብቻ መውሰድ ከታወቁት የሞት መንስኤዎች አንዱ ነው፤ የሚያየው የለምና። ቦታ መለወጡ ሌላም ነገር ያደርጋል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሼፐርድ ሲግልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ሙከራ ሄሮይን የለመዱ አይጦችን ለሁለት ከፍለው ተመሳሳይ ከፍተኛ መጠን ሰጧቸው። በለመዱት ክፍል ከተሰጣቸው 32 በመቶ ያህሉ ሞቱ፤ በማያውቁት ክፍል ከተሰጣቸው ደግሞ 64 በመቶ ገደማ። መጠኑ አንድ፣ ልማዱ አንድ፣ ክፍሉ ግን ሌላ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ከማያውቀው ፎቅ ሥር ቆሞ የድሮ ሰፈሩን የሚፈልግ ሰው ሲታሰብ ውጤቱ ችላ የሚባል አይመስልም።

ሞቱ ከደረሰ በኋላም ነገሩ ተድበስብሶ ያልፋል። በአገራችን የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይቀበራል። ፖሊስ ካልጠረጠረ በቀር የአስከሬን ምርመራ የሚጠይቅ የለም፤ «ድንገት ነው»፣ «ልቡ ነው» ይባላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የቀብር ቦታዎች ሟቾችን በመመዝገብና ቤተሰብን በመጠየቅ የሞት ምክንያት የሚያጠና ሥራ አካሂዷል፤ በዋነኝነት የኤድስን ጉዳት ለመለካት የተጀመረ ነበር። ብልህ ዘዴ ነው። ቤተሰብ የማያውቀውን ወይም በሐፍረት የሚሸፍነውን ኪኒን ግን መጠይቅ አያወጣውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አገሪቱ ተመሳሳይ ሥራ በሌላ በሽታ ሠርታዋለች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱን አንድም ቀን ማቋረጥ እንደማይገባ፣ ሰው ቦታ ሲቀይር የዝውውር ወረቀት ይዞ ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ የጤና ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛም እንደዚሁ ነው። እስረኛ ሲፈታ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ማሰብ ለነዚህ ሁለት በሽታዎች እንግዳ አይደለም። የሱስ ሕክምና በዚሁ መንገድ የማይሄድበት ምክንያት የለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች 24ኛ ድንጋጌም ኤች አይ ቪን፣ ነቀርሳንና የአደንዛዥ ዕፅ ጥገኝነትን ጎን ለጎን ጠርቶ የእስረኛው ሕክምና ሲገባም ሲወጣም ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያዛል።

ጊዜውም አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። በአመክሮ የሚወጣ ሰው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የሚጨርስበት ቀን ከዓመታት በፊት ይሰላል። ይቅርታም ስም ዝርዝር ተጣርቶለት የሚሰጥ ነው። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. 4,011 እስረኞች በይቅርታ እንዲፈቱ መወሰኑ ሲነገር፣ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ቀላል ወንጀል የፈጸሙና መፈቻቸው የተቃረበ ሰዎች ነበሩበት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ባለበት ቦታ የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ነርስ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አሥር ደቂቃ ተቀምጣ «ድሮ ምን ትወስድ ነበር? አካልህ አሁን እንደ አዲስ ነው፤ ብትሞክር እንኳ በጥቂቱ፣ ከመጠጥ ጋር ሳትቀላቅል፣ ብቻህን ሳትሆን» ብትል ወጪው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ምክር ዕፅ መውሰድን ማበረታታት የሚመስላቸው አሉ። ሰውየው ሞቶ ከሚመከር ይልቅ በሕይወት ቆይቶ ነገ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ጳውሎስ ቢላክ ይሻላል።

የኦፒዮይድ ጥገኝነት ላለባቸው ከምክር የሚበልጥ ሕክምና አለ፤ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን። በአሜሪካ የሮድ አይላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ሕክምና በእስር ቤቶቹ ከጀመረ በኋላ በቅርቡ ከእስር ወጥተው ከልክ በላይ በመውሰድ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ2016 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ወደ 2017 ተመሳሳይ ወራት ሲታይ ከ26 ወደ 9 ወረደ። ጎረቤቶቻችንም ጀማሪ አይደሉም። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያ በታኅሣሥ 2014 በናይሮቢ ማታሪ ሆስፒታል የሜታዶን ሕክምና ከፍተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርሃት ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን የሚመለከት ቅጣት ይደነግጋል፤ ገና ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰውና አብረውት ያሉት ጓደኞቹ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ጓደኛቸው ወድቆ ሲያዩት የመጀመሪያ ሐሳባቸው አምቡላንስ አይሆንም፤ አምቡላንስ ፖሊስ ይዞ ቢመጣስ? በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀዳሚ ሆና፣ ለእርዳታ የደወለ ሰው በዚያው ቦታ በተገኘ ዕፅ እንዳይከሰስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የኛው ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 575 ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻሉ መተውን ወንጀል ያደርገዋል። ጓደኛማቾቹ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ቆመው ሲያመነቱ ደቂቃው ያልፋል። ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ ለደወለ ሰው ምን እንደሚያደርጉ ግልጽ አድርገው ቢናገሩ አንድም አዋጅ ሳይሻሻል የሚቀልል ጉዳይ ነው።

ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረችው ብሔራዊ ፕሮግራም እስረኛ ሲወጣ ናሎክሶን ይዞ እንዲወጣ አደረገች። በኦፒዮይድ ከሚሞቱት መካከል ከእስር በወጡ በአራት ሳምንት ውስጥ የሞቱት ድርሻ ከ2006 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት 9.8 በመቶ ነበር፤ ከ2011 እስከ 2013 ወደ 6.3 በመቶ ወረደ። እንግሊዝ ደግሞ ያንኑ በሙከራ ለመለካት ተነሳች፤ በ16 እስር ቤቶች 1,685 እስረኞች ገቡበት። ሙከራው ግን በታኅሣሥ 2014 እንዲቆም ተወሰነ። ምክንያቱ ያልተጠበቀ ነበር፤ ተፈቺዎቹ ከያዙት ናሎክሶን ለራሳቸው የዋለው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ለሌላ ሰው፣ አጠገባቸው ለወደቀ ሰው ነበር የተሰጠው። ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ይህ የሙከራውን ስሌት የሚያፈርስ ነገር ነው። ልደታ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ግን ሌላ ነገር ይነግረዋል፤ ከማረሚያ ቤት የወጣው ልጅ ከሠለጠነ፣ ከጓደኞቹ መካከል ማን እያንኮራፋ ማን ተኝቶ እንደሆነ የሚለየው፣ ወደ 907 የሚደውለውም እሱ ሊሆን ይችላል።